ሐረር በአንድ ቀን መግባት ጀብዱ አይደለም

ሞተረኞች በተሰበሰቡበት፣ ከረጅም መንገድ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «በስንት ሰዓት ገባህ?» ተብሎ ነው። መንገዱ እንዴት ነበር፣ የት አደርክ፣ ምን አየህ ብሎ የሚጀምር ከስንት አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዕለቱ ሐረር የገባ ሰው ወሬው በአድናቆት ይሰማለታል። አዋሽ አድሮ በማግስቱ የደረሰው ግን «ምነው፣ ሞተሯ አስቸገረችህ እንዴ?» ይባላል። ማደር ሰበብ የሚፈለግለት ነገር ሆኗል። አዲስ ሞተር የገዛ ወጣትም ይህንኑ እየሰማ ነው የሚጀምረው። ጎበዝ ማለት በአንድ ቀን ብዙ መንገድ የሚጨርስ ነው ብሎ ያምናል፤ የመጀመሪያ ጉዞውንም በዚያው ልክ ያቅዳል።

ይህ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው፤ ሰውም ያስጎዳል። የረጅም መንገድ ዕቅድ መሠራት ያለበት በሰዓትና በብርሃን ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ውጤት ነው። በእኛ አገር መንገድ ጤነኛና ልምድ ያለው ሞተረኛ በቀን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ቢነዳ በቂው ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊትም ሞተሩ የማደሪያው ግቢ ውስጥ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ የሄደ ሰው ትርፍ አገኘሁ ብሎ ቢያስብም፣ ያንን ትርፍ ከየት እንዳመጣው ቁጭ ብሎ ቢያሰላ ይደነግጣል።

እስቲ ይህንኑ የሐረርን መንገድ እናስላው። በአስፋልቱ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ እያለ የሚሄድ መንገድ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ ስማቸው ካርታ ላይ የማይገኝ፣ ገበያቸው ግን አስፋልቱ ላይ የሚውል ትንንሽ ከተሞች አሉ። ሜዳው ላይ ቆጣሪው 80 ሊል ይችላል። ሆኖም ባጃጅና ጋሪ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ መንገድ የሚሻገር ከብት፣ ከተሳቢ ጀርባ የሚጠበቅ ዳገት ተደምሮ በ150 ሲሲ ሞተር አማካዩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ይህ ብቻ አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቁርስና ምሳ፣ ሁለት ጊዜ ነዳጅ መቅዳት፣ ኬላ ላይ መታወቂያና ሊብሬ ማሳየት፣ ጀርባን ለማፍታታት አንዳንዴ መውረድ ሲጨመርበት፣ በጣም ቀናን ብንል እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ድምሩ 13 ሰዓት ነው።

ፀሐይ የምትሰጠን ደግሞ 12 ሰዓት ነው። የምንኖረው ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ ስለሆነ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በሰኔ ወር ስቶክሆልም የሚነዳ ሰው ከ18 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። ጀርመን ውስጥም ከ16 ሰዓት ይበልጣል። እኛ ጋ የሚደርሱት የጉዞ ቪዲዮዎች፣ «በቀን 800 ነዳሁ» የሚሉት ታሪኮች፣ አብዛኞቹ የተቀረጹት በዚያ ብርሃን ነው። ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ብርሃኑን ትቶ የሚመጣ ሰው ግማሹን ሒሳብ ነው የያዘው።

እንግዲህ 13 ሰዓቱን 12 ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ሐረርን በአንድ ቀን የሚል ሰው የጎደለውን ከሌሊት ይበደራል፤ ወይ ከማለዳው በፊት ወይ ከምሽቱ በኋላ። ሁለቱም ወለዳቸው ከባድ ነው።

የምሽቱን እንይ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው የመጨረሻዋን ሰዓት የሚነዳት ከቁልቢ ወዲያ ባለው ደጋ ላይ ነው። ያ መንገድ በቀን ብርሃን ከኢትዮጵያ ውብ መንገዶች አንዱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሲመሽ ግን ሌላ መንገድ ነው። ከብቱ ከግጦሽ፣ ገበሬው ከማሳ፣ ልጆች ጀሪካን ይዘው ከውኃ የሚመለሱት በዚያች ሰዓት ነው፤ ሁሉም የሚሄዱት በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ልብሱም፣ የከብቱም ቆዳ፣ አፈሩም አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። ከአወዳይ የሚነሱት ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ደግሞ ጭነታቸው ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ሲሉ ኩርባውን መሐል ለመሐል ይቆርጡታል፤ ረጅም መብራታቸውን የሚያወርዱም ጥቂቶች ናቸው። መብራቱ ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይታይም። በ60 የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ከዚያ ጨለማ ጀርባ በቅሎ መኖር አለመኖሯን የትኛውም ጉብዝና አይነግርም።

በዚህ ላይ የዛሬው ጊዜ አለ። በብዙ ከተሞች ባጃጅና ሞተር ከምሽት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ፀጥታው ሲደፈርስ ኬላው ቶሎ ይዘጋል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰውም የት እንደሚያድር አያውቅም። 10 ሰዓት ላይ የገባ ሰው «ወደፊት መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ሙሉ ምሽት አለው። አንድ ሰዓት ማታ ላይ ኬላ የደረሰ ሰው የሚጠይቅበት ሰዓት አልፎበታል።

የማለዳውን ብድር ብዙዎች ብልህነት አድርገው ነው የሚያዩት። «ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተህ 10 ሰዓት ላይ ብትወጣ ከተማው ባዶ ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ አዳማን ታልፋለህ» ይላሉ። ከተማው ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሰውየው ስንት ሰዓት ተኛ? ዕቃ ሲያስር፣ ሰንሰለት ሲቀባ፣ ስልክ ሲያወራ አምሽቶ፣ በጉዞ ጉጉት ተገላብጦ ምናልባት አራት ሰዓት ተኝቶ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል፤ 24 ሰዓት ከሞላው 0.10 በመቶ እንዳለበት ይሆናል። ሌሊት 9 ሰዓት የነቃ ሰው ማታ 2 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ይሞላዋል። ጎማ ፈንድቶበት ጎሚስታ ሲፈልግ የቆየ፣ ወይም ነዳጅ ሰልፍ የያዘው ሰው ሐረር በር ላይ የሚደርሰው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ሁለት ቢራ ጠጥቶ እንዲነዳ ማንም የማይፈቅድለት ሰው፣ በዚያው ሁኔታ ላይ ሆኖ ሲደርስ ግን ይጨበጨብለታል።

ድካም ከመጠጥ የሚከፋበት ነገር ደግሞ አለ፤ ባለቤቱ አያውቀውም። አሰበ ተፈሪ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አመሻሽ ላይ አራት ሞተር ተከታትሎ ገባ። ሦስቱ ወርደው እየተሳሳቁ ውኃ ጠየቁ። አራተኛው ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ እዚያው ላይ ቆየ። የሄልሜቱን ማሰሪያ ሊፈታ አገጩ ሥር በጣቱ ይዳብሳል፤ ጣቱ ማያያዣውን ያገኘዋል፣ ግን መጫን ያቅተዋል። ጓደኛው መጥቶ ፈታለት፤ ቁልፉንም አጠፋለት። ሲወርድ የግራ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቀኙን ለማሻገር ሁለት ጊዜ ሞከረ። «ደክሞሃል?» አልኩት። «ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሚኤሶ ላይ ዝናብ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ሰማዩ ከወዲያ ጠቁሮ ይታይ ስለነበር ነው። ልጁ ጓደኞቹን አየ። ሚኤሶን ማለፉን አላስታወሰም። ከተማ፣ ገበያ፣ ኬላ ያለበትን ቦታ ሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ አልፎታል፤ ከራሱ ውስጥ ግን የለም። ያ ልጅ «ደህና ነኝ» ያለው ከልቡ ነበር። በማግስቱ ወሬው ሲወራም እሱ የሚነግራቸው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ነው የሚሆነው።

እንቅልፍ ለሦስት ለአራት ሰከንድ ሰውን ይዞ መልሶ ሊለቀው ይችላል፤ ዓይን ተከፍቶ እንኳ አእምሮ ሊዘጋ ይችላል። በ80 ፍጥነት አራት ሰከንድ ማለት ወደ 90 ሜትር ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው ሌሊትና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰውነት በተፈጥሮው የሚዝልባቸው ሰዓታት ናቸው። የአንድ ቀኑን የሐረር ጉዞ እንደገና እዩት። ማለዳ የተነሳ ሰው በ8 ሰዓት የት ነው ያለው? አዋሽን አልፎ፣ ምሳ በልቶ፣ ሚኤሶ አካባቢ፣ በጠራራው ውስጥ ነው። ከፊቱ ያለው ደግሞ አሰበ ተፈሪን አልፎ የሚወጣው ዳገትና ኩርባ ነው። ዕቅዱ ከባዱን መንገድ ያስቀመጠው ሰውየው በቀኑ ውስጥ እጅግ ደካማ በሆነባት ሰዓት ላይ ነው።

ሙቀቱ ራሱን ችሎ የሚነሳ ነገር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራና አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ሰባት ዲግሪ ልዩነት አለ። ጠዋት በወፍራም ጃኬት ተንቀጥቅጦ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ በዚያው ጃኬት ውስጥ ይቀቀላል። ጃኬቱን አውልቆ በካናቴራ የሚነዳ አለ፤ ነፋሱ ያቀዘቀዘው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ነፋሱ ላቡን ከቆዳው ላይ ቶሎ ስለሚያደርቅበት ውኃ ማጣቱን እንኳ አያውቅም። ራስ ምታቱ ሲጀምር ሄልሜቱን ይወቅሳል። ከዚያ ደግሞ ወደ ሁለት ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ተመልሶ ይወጣል፤ ብርዱ ይጠብቀዋል። ሰውነት በአንድ ቀን ይህን ሁሉ እንዲለምድ መጠየቅ ግፍ ነው።

አዋሽ ያደረ ሰውስ? የመጀመሪያው ቀን 225 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጣው እንቅልፉን ጠግቦ፣ ቁርሱን በልቶ ነው። የጂቡቲ ተሳቢና ቦቴ የሚበዛበትን መንገድ በሙሉ ኃይሉ ይነዳዋል፤ ከባዱ መኪና አብዛኛው ከአዋሽ ወዲያ በሚሌ በኩል ስለሚገነጠል በማግስቱ አይጠብቀውም። 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ደርሶ ሙቀቱን በጥላ ያሳልፋል፤ ሰንሰለቱን ያያል፣ የጎማ ነፋስ ይለካል፣ ነዳጅ የት እንዳለ ይጠይቃል። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ሲነሳ ቆላው ገና ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ዳገቱን ይጀምራል፤ ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም ከፈለገ ጊዜ አለው፤ 9 ሰዓት ላይ ሐረር ነው። 300 ኪሎ ሜትር ነድቶ ጀጎልን በእግሩ ለመዞር ጉልበት ይተርፈዋል። ከአንዱ ቀን ጉዞ የሚለየው በአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ያ ሌሊት ግን የመንገዱን ከባድ ነገር ሁሉ ወደ ደጉ ሰዓት አዛውሮታል።

አዋሽ ማደር እኛ የፈጠርነው ስንፍናም አይደለም። የጂቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1917 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ለረጅም ዓመታት፣ መንገደኛ ባቡሩ ጉዞውን የሚፈጽመው በሦስት ቀን ነበር፤ በቀን ይሄዳል፣ ሌሊት አይሄድም፤ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል። ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ኩርባ የማይሳሳት፣ የማይተኛ ብረት አዋሽ አድሯል። ከእሱ በፊት የነበረው ሲራራ ነጋዴም ጎህ ሲቀድ ጭኖ ከቀትር በኋላ ብዙ ሳይቆይ ያራግፍ ነበር፤ በቅሎው የሚግጥበት ብርሃን ያስፈልገው ነበርና። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት መሄድ ለነጋዴው የተለመደ ነበር። ዕቃው የራሱ፣ ኪሳራውም የራሱ ስለነበረ የበቅሎውን አቅም አያጋንንም። የሩቅ መንገድ ጥበብ በዚህ አገር ቀድሞም ነበረ፤ የተውነው ሞተር ስለገዛን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የአሜሪካኖቹ ማኅበር ነው። አይረን በት አሶሲዬሽን የሚባል የረጅም ርቀት ሞተረኞች ማኅበር አለ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር ለነዳ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። «እነሱ 1,600 ነድተው እኛ 525 ያቅተናል?» ይባላል። 1,609ን ለ24 ብናካፍለው መቆሚያውን ጨምሮ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ያ ሊሆን የሚችለው ከብት በማይሻገርበት፣ ከፊት ለፊት መኪና በማይመጣበት፣ ነዳጅ በየጥቂት ማይሉ ሌሊቱን ሙሉ በሚቀዳበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከዋሽንግተን አትላንታ፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ በአንድ ቀን ነዳሁ የሚለን ዘመዳችንም የነዳው በዚያ ዓይነት መንገድ ነው። ደግሞም የማኅበሩ ምክር ራሱ ከፉከራችን ጋር አይሄድም። አቅምህን እወቅ፣ ጉዞህን በአቅምህ ልክ አድርግ፣ ሲደክምህ ቁም ነው የሚለው። ከእነሱ ቁጥሩን ወስደን ምክሩን ጥለናል።

ሁለተኛው «የእኔ ሞተር ትልቅ ነው» የሚለው ነው። ትልቅ ሞተር ዳገት ላይ እንደማያንስ፣ ንዝረቱም እንደሚቀንስ እቀበላለሁ። ከፍታው ላይ ትንሿ ሞተር ትንፋሽ እንደሚያጥራት ማንም ያውቃል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። ነገር ግን ትልቁ ሞተር ቀኑን አያስረዝምም። 100 ኪሎ ሜትርን በ80 ፈንታ በ100 የነዳ ሰው የሚያተርፈው 15 ደቂቃ ነው፤ አንድ የተበሳ ጎማ ይበላታል። ነፋሱ ደረት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ ከ60 ወደ 90 ሲወጣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሰውየው አንገቱንና ትከሻውን ከፍሎ ነው ደቂቃዋን የገዛት። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጭነት መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያዛል፣ በቀንም በመደበኛው ከዘጠኝ ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ያ ሹፌር ጋቢና ውስጥ በወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ነፋስም ዝናብም የማያገኘው ባለሙያ ነው። እኛ እሁድ እሁድ የምንነዳ ሰዎች አሥር ሰዓት ተኩል ሞተር ላይ መቀመጥን እንደ ተራ ነገር እናቅዳለን።

ሦስተኛውን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም፤ የሚያደርገው ግን ብዙ ነው፤ «ትንሽ ቅጠል ይዤ እሄዳለሁ» የሚለው። ጫትም ሆነ ቡና ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። የመረቀነ ሰው ንቁ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ፍጥነት ይጨምራል፤ ምግብና ውኃ ይረሳል። ምርቃናው ሲወርድ የተሸፈነው ድካም በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያም የሚሆነው መቼ እንደሆነ ሰውየው አይመርጥም። ዕቅዱ ያለ ቅጠል የማይሠራ ከሆነ ዕቅዱ ነው የተበላሸው።

አራተኛው የቡድን ነገር ነው፤ ብዙ ጉዳት የማየውም እዚህ ላይ ነው። አሥር ሆነው ሲወጡ የቀኑን ርቀት የሚወስነው ከሁሉ የጠነከረው ነው። ደካማው «አልቻልኩም» ለማለት ያፍራል። ከኋላ የተቀመጠችው ሚስት ወይም እህት ደግሞ ጨርሶ አትጠየቅም፤ እሷ የምትይዘው መሪ የላት፣ ኩርባው መቼ እንደሚመጣ አታውቅ፣ መቀመጫዋም ከፊተኛው ይጠባል። የቡድን ዕቅድ መለኪያው እሷና አዲሱ ልጅ መሆን አለባቸው። በጾም ወራት ደግሞ ይህ ይብሳል። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ያለ እህልና ውኃ የሚጾም፣ ወይም ረመዳንን የያዘ ጓደኛ ያለው ቡድን ርቀቱን በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ወይም ጉዞውን ማዛወር። በውኃ ጥም መተሐራን በቀትር ማቋረጥ መንፈሳዊነት አይደለም። ጾመኛውን ለይቶ «አንተ ብላ» ማለትም ክብር አይደለም።

«የመጀመሪያው ቀን ትኩስ ስለሆንክ ሩቅ ሂድ» የሚለው ምክርም ከዚሁ የሚወለድ ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ያጠረ ይሁን እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዕቃው ገና ቦታውን አልያዘም፤ ገመዱ ይላላል፤ ሰውነቱም መቀመጫውን አልለመደም። የአዲስ አበባ መውጫ ራሱ ሰዓት ይበላል። አንዱን ቀን አብዝቶ የነዳ ሰው ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእጅ አንጓው ያብጣል፣ ትከሻው አይዞርም፣ ቁጣው ይቀርባል። መቀመጫ ላይ የበግ አጎዛ ማንጠፍ፣ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወርዶ መራመድ፣ ምሳን ማቅለል፣ እነዚህን ሁሉ ልምድ ያለው ሰው ያውቃቸዋል፤ የቀኑ ርቀት ከልክ ካለፈ ግን አንዳቸውም አያድኑም።

ዕቅዱ ላልታሰበ ነገር ክፍት ሰዓት ይፈልጋል ስል የምቾት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያየው አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድሪቱ ለወራት ስትንቀጠቀጥ ቆይታለች። የበሰቃ ሐይቅም እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረ ነው። አምና ያየነውን አስፋልት ዘንድሮ እንደዚያው እናገኘዋለን የሚል ዋስትና የለም። ቤንዚን ማደያው ውስጥ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ቢኖርም ሰልፉ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ በቴሌብር መክፈልም ይቆማል። በ13 ሰዓት ዕቅድ ውስጥ የሁለት ሰዓት ሰልፍ የገጠመው ሰው ያለው ምርጫ መፍጠን ወይም ማምሸት ነው። በስድስት ሰዓት ዕቅድ ውስጥ ግን ያው ሰልፍ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

«ማደር ገንዘብ ነው» የሚለውን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ሁሉም ሰው ኪሱ እኩል አይደለምና። አዋሽ ወይም አሰበ ተፈሪ አንድ ተራ አልቤርጎ ለአንድ ሌሊት የሚያስከፍለው ግን ከአንድ የኋላ ጎማ ዋጋ በታች ነው፤ ከተሰበረ አንገት አጥንት ጋር ማወዳደሩን ትቼዋለሁ። ለአልቤርጎ ያልተረፈ ገንዘብ ካለ ለዚያ ርቀት የሚሆን ገንዘብም ገና አልሞላም ማለት ነው።

የቀረው «ፈቃድ የለኝም፣ ያለኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው» የሚለው ሰው ነው፤ እሱ ያሳዝነኛል፤ አብዛኞቻችንም እሱን ነን። ለእሱ የምለው ሐረርን በሁለት ቀን ደርሶ መልስ አታድርጋት ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በሁለት ቀን ነድቶ ሰኞ ቢሮ የሚገባ ሰው ሐረርን አላያትም፤ ያየው የፊተኛውን መኪና ጀርባ ነው። ወንጪ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝዋይም 160 ቢሆን ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ተነስቶ ለምሳ ዓሣ ይደርሳል፣ ሐይቁ ዳር አምሽቶ ያድራል፣ እሁድ ከቀትር በኋላ ቤቱ ነው። ሐረር በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር የተያያዘ ጊዜ፣ አራት ቀን ሲገኝ ትጠብቀዋለች። ጉዞ የሚያዘጋጁ ቡድኖች ደግሞ በሚቀጥለው ጥሪያቸው ላይ «525 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን» ብለው በትልቁ መጻፉን ይተዉትና የማደሪያውን ከተማ ስም፣ መግቢያውን ሰዓት፣ «ያልቻለ የሚቀርበት ቦታ» ብለውም ከመካከል አንድ ከተማ ይጻፉ፤ ልጆቹ ያኔ ሳያፍሩ አዋሽ ላይ ይቀራሉ።